የልጆች ዶሜን ከማመልከቻው በፊት ጠባቂ ይሻል

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት የቤት ሥራ የተሰጠው ተማሪ የዋይት ሐውስን ድረ ገጽ ሲፈልግ አደገኛ መንታ መንገድ ይጠብቀው ነበር። ትክክለኛው አድራሻ የሚያልቀው በመንግሥት ተቋማት ቅጥያ፣ በዶት ገቭ ነው። ተማሪው ጣቱ እንደለመደው በዶት ኮም ከጨረሰው ግን የሚከፈትለት የአዋቂዎች የወሲብ ገጽ ነበር። ገጹ ከ1997 ጀምሮ ለዓመታት በዚያ ስም ነግዷል። ስሙ ክፍት ነበር፤ ቀድሞ የደረሰ ወሰደው።

ሆን ብሎ ልጆችን ያደነም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በፍሎሪዳ የተያዘ አንድ ግለሰብ የዲዝኒላንድን፣ የቦብ ዘ ቢልደርንና የቴሌተቢስን ስሞች በፊደል ስሕተት እያጣመመ ያስመዘግብ ነበር። አንዲት ፊደል የሳተ ልጅ በቀጥታ ወደ ወሲብ ገጽ ይወሰዳል፤ ሰውየውም ከዚያ ገቢ ያገኛል። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሰዎችን በአሳሳች የዶሜን ስም ወደ እንዲህ ዓይነት ይዘት መምራትን የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ስለነበር፣ ግለሰቡ በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው ተከሳሽ ሆነ። በ2004 የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት።

ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ የቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚጨነቁበት ጉዳይ ሊሆን አይችልም፤ የልጆች ደኅንነት ጉዳይ ነው። ለልጆች ብቻ የተለየ የዶሜን ቅጥያ ይኑር የሚለው ሐሳብም በዚያው ዘመን ተነሥቶ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። አንድ ጊዜ በሕግ ታውጆ ከሽፏል። ሌላ ጊዜ ከአሥር ዓመት ትግል በኋላ ተሳክቷል። አሁን ደግሞ ለአዳዲስ ቅጥያዎች ሁለተኛ ሰፊ የማመልከቻ ዙር መጥቷል፤ በዚህኛው ዙር በግዕዝ ፊደልም ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄው አማርኛ አንባቢውንም ይመለከታል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ለልጆች ተብሎ የሚያዝ ቅጥያ የሚጠቅመው ገጾቹን የሚሞላ ይዘት፣ ቋንቋውን የሚያነብ ተቆጣጣሪና ለዓመታት የሚዘልቅ ገንዘብ ከማመልከቻው ቀድመው ሲገኙ ነው። እነዚህ በሌሉበት የሚገዛ ስም ባዶ ግቢን አጥሮ ዘበኛ ሳይቀጥሩ መሄድ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ዝግጅት ዛሬ መጀመር የምትችለው በእጇ ባለው በዶት ኢቲ ሥር ነው።

ነገሩን ለመረዳት አሠራሩን በአጭሩ ማየት ይረዳል። ከአድራሻ መጨረሻ ያለችው ቃል፣ ዶት ኮም ብትሆን ዶት ኦርግ ወይም ዶት ኢቲ፣ የራሷ አስተዳዳሪ አላት። ይህ አስተዳዳሪ ሬጅስትሪ ይባላል። በቅጥያው ሥር የተመዘገቡትን ስሞች በሙሉ የያዘው መዝገብ በእሱ እጅ ነው፤ ማን ማስመዝገብ እንደሚችል፣ በምን ሁኔታ ስም እንደሚታገድ የሚወስነውም እሱ ነው። እንደ ዶት ኢቲ ያሉ የአገር ቅጥያዎች በየአገሩ ይተዳደራሉ፤ የኢትዮጵያው በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ነው። የቀሩትን ለማስተዳደር የሚፈልግ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተቋቋመው፣ አይካን ለሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ማመልከት አለበት። አይካን ሲፈቅድ ቅጥያው በኢንተርኔቱ ሥር መዝገብ ውስጥ ይገባና በዓለም ዙሪያ መሥራት ይጀምራል። እንግዲህ የልጆችን ቅጥያ የያዘ አካል የሚይዘው ደንብ የማውጣትና የማስከበር ሥልጣን ነው።

አይካን የመጀመሪያዎቹን አዳዲስ ቅጥያዎች የመረጠው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ነበር። አመልካቾች 50,000 ዶላር እየከፈሉ ካቀረቧቸው 44 ማመልከቻዎች መካከል ዶት ኪድስን የጠየቁም ነበሩ። የተመረጡት ግን ዶት ኢንፎ፣ ዶት ቢዝ፣ ዶት ኔም፣ ዶት ፕሮ፣ ዶት ኤሮ፣ ዶት ኩፕና ዶት ሚዩዚየም ሆኑ። ሙዚየሞችና አየር መንገዶች ቅጥያ አገኙ፤ ልጆች አላገኙም። ለልጅ ተስማሚ የሚባለው ይዘት ከአገር አገር፣ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፤ ማን ይፍረድ የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ አሳማኝ መልስ አልነበረውም።

የአሜሪካ ፖለቲከኞች በዚህ አልረኩም። ሪፐብሊካኑ ጆን ሺምከስና ዴሞክራቱ ኤድዋርድ ማርኪ በጋራ ያቀረቡት ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 2002 ፈረሙበት። ሕጉ አይካንን ማዘዝ ስለማይችል ሌላ መንገድ መረጠ። በአገሪቱ የራሷ ቅጥያ በዶት ዩኤስ ሥር «ኪድስ ዶት ዩኤስ» የሚባል ክልል እንዲከፈት አደረገ። አስተዳዳሪው የዶት ዩኤስን መዝገብ የያዘው ኒውስታር ኩባንያ ሆነ።

ደንቡ ጥብቅ ነበር። በዚህ ክልል ውስጥ ያለ ገጽ ከክልሉ ውጭ ወዳለ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ማድረግ አይችልም፤ አንድ ልጅ ከገባ በኋላ በአንድ ጠቅታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። የውይይት ክፍሎችና ፈጣን መልእክት መለዋወጫዎችም ለልጆች አደገኛ አለመሆናቸው ካልተረጋገጠ የተከለከሉ ነበሩ። ይዘቱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተስማሚ መሆኑ ይታያል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ማሰብ ይከብዳል።

ክልሉ ግን ባዶ ቀረ። ስም ያስመዘገቡ ነበሩ፤ የሚሠራ ገጽ የከፈቱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዝነኞቹ የልጆች ድርጅቶች በዶት ኮም የታወቀ ቤት ነበራቸው፤ በተጨማሪ ወጪ ሁለተኛ ገጽ ሠርተው፣ ከራሳቸው ዋና ገጽ ጋር እንኳ የማይገናኝ አድርገው የሚይዙበት ምክንያት አላገኙም። ሕጉም ይዘት ለሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና ደራሲዎች ገንዘብ አልመደበም። ወላጆችም በውስጡ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ልጆቻቸውን አልላኩም፤ ልጆች ስላልመጡም አዘጋጆች አልመጡም። አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ክረምት፣ የአሜሪካ መንግሥት አገልግሎቱን አቋረጠው።

የዚህን ውድቀት ምክንያት የደንቡ ጥብቅነት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ጥብቅ ደንብ ያለው የልጆች ቤተ መጻሕፍት በየከተማው አለ፤ ልጆች ይሞሉታል፤ መጽሐፍ ስላለው። ኪድስ ዶት ዩኤስ መደርደሪያውን የሚሞላ ሰው ሳይኖረው በሩን ከፈተ።

አገልግሎቱ በተቋረጠበት ዓመት አይካን አዲስ በር ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 2012 በቆየው ዙር ማንኛውም ድርጅት የፈለገውን ቅጥያ መጠየቅ ይችላል ተባለ፤ ክፍያው ለአንድ ማመልከቻ 185,000 ዶላር ነበር። 1,930 ማመልከቻዎች ገቡ። ከመላው አፍሪካ የቀረቡት 17 ብቻ ነበሩ።

ዶት ኪድስን የጠየቁት ሁለት ነበሩ። አንዱ አማዞን ነው። ሌላው መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገ ዶትኪድስ ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ከጀርባው የዶት ኤዥያ ቅጥያ መሪ ኤድሞን ቹንግ ነበሩ። ጉግል ደግሞ በነጠላው፣ በዶት ኪድ አመለከተ፤ ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ ሦስቱም በአንድ ፉክክር ውስጥ ገቡ። በአንድ በኩል በዓለም ካሉ ባለጸጋ ኩባንያዎች ሁለቱ፣ በሌላ በኩል የማመልከቻውን ክፍያ እንኳ በድጋፍ የሸፈነ ድርጅት ተፋጠጡ። አይካን አቅም ለሌላቸው አመልካቾች ክፍያውን ወደ 47,000 ዶላር የሚያወርድ የድጋፍ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያ ዙር ድጋፉን የጠየቁት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ያገኘው ዶትኪድስ ብቻ ነው።

ድርጅቱ የልጆችን ማኅበረሰብ እወክላለሁ ብሎ ቅድሚያ ጠየቀ። ለዚህ የሚደረገው ምዘና ከ16 ነጥብ ቢያንስ 14 ማምጣት ይጠይቃል፤ አላመጣም። ከዚያ በኋላ የነበረው መንገድ ጨረታ ነው። የጨረታ ዋጋ የት ሊደርስ እንደሚችል የሌሎቹ ቅጥያዎች ዕጣ ያሳያል፦ ዶት አፕ በ2015 በ25 ሚሊዮን ዶላር፣ ዶት ሾፕ በ2016 በ41.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ዶት ዌብ በዚያው ዓመት በ135 ሚሊዮን ዶላር ሄደዋል። ለልጆች መብት የቆመ ድርጅት እንዲህ ባለ ገበያ አማዞንን በገንዘብ ይረታል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ክርክሩ ግን ለዓመታት ተጎተተ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ኩባንያዎች ማመልከቻቸውን አነሡ። ዶት ኪድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ወደ ሥር መዝገቡ ገባ፤ ምዝገባውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሕዝብ ተከፈተ። ከማመልከቻው እስከ ሥራው አሥር ዓመት ፈጅቷል።

አዲሱ ሬጅስትሪ ከኪድስ ዶት ዩኤስ የተለየ ዘዴ መርጧል። ስም ማስመዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ አስመዝጋቢው ግን በገጹ ላይ ለልጆች ጎጂ ይዘት እንዳያወጣ በደንብ ይታሰራል፤ ጥሰት ሲገኝ አቤቱታ ይቀርባል፣ ስሙም ሊታገድ ይችላል። መመሪያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ከ1991 ጀምሮ ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 36ም የሕፃናትን መብት ለይታ ደንግጋለች። ስለዚህ የዶት ኪድስ መሠረት ለኢትዮጵያዊ ወላጅ ባዕድ አይደለም።

ጎን ለጎን ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። በሩሲያ ራዙምኒ ኢንተርኔት የተባለ ፋውንዴሽን በዚያው በ2012 ዙር አመልክቶ ልጆች የሚል ትርጉም ያለውን ዴቲ የተባለ ቅጥያ በሲሪሊክ ፊደል አስፈቅዷል፤ ከ2014 ጀምሮም በሥር መዝገቡ ውስጥ አለ። የሩሲያ ልጅ በራሱ ፊደል የሚጻፍ፣ ለእሱ የተለየ አድራሻ አለው ማለት ነው። በጀርመንኛ ልጆች የሚለው ቃል፣ ዶት ኪንደር፣ ግን የሄደው ቸኮሌቱን በዚያ ስም ለሚሸጠው ለፌሬሮ ኩባንያ ነው። በአንድ የማመልከቻ ዙር አንድ ቋንቋ የልጆች ክልል አገኘ፤ ሌላው የንግድ ምልክት። ልዩነቱን የፈጠረው ማን አመለከተ፣ ለምን አመለከተ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የዛሬ ልጅ አድራሻ አይጽፍም፤ ስልክ አንሥቶ ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ይከፍታል፤ ታዲያ ቅጥያ ምን ይፈይዳል? ተቃውሞው እውነት አለው። አብዛኛው የልጆች ጊዜ የሚጠፋው በመተግበሪያዎች ውስጥ መሆኑን የማያይ ወላጅ የለም።

ነገር ግን ልጆችን ለመተግበሪያዎቹ ባለቤቶች ብቻ መተው ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ጉግልና ዩቲዩብ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስበዋል ተብለው ለቀረበባቸው ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የእነዚህ መድረኮች ገቢ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ተመልካቹን በተቻለ መጠን ማቆየትና ማወቅ ይፈልጋል። ልጅን ማቆየትና ልጅን መጠበቅ በአንድ ድርጅት ውስጥ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለዕድል መተው አይገባም።

የተለየ ቅጥያ ደግሞ መተግበሪያ የማይሰጠው ተግባራዊ ጥቅም አለው። ሃምሳ ኮምፒውተሮች ያሉት ትምህርት ቤት ልጆቹን ከጎጂ ይዘት ለመከላከል መጥፎ ገጾችን አንድ በአንድ እየለቀመ መዝጋት አይችልም፤ በየቀኑ አዲስ ይወለዳል። በቅጥያው ግን ሥራው ይገለበጣል። የትምህርት ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ በአንድ መስመር ትእዛዝ የዚያን ቅጥያ ገጾች ብቻ ፈቅዶ ሌላውን መዝጋት ይችላል። ለታናናሽ ልጆች፣ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚሠራው ግን በቅጥያው ውስጥ ልጆቹ የሚያነቡት ነገር ካለ፣ እንዲሁም ሬጅስትሪው ደንቡን በየዕለቱ ካስከበረ ብቻ ነው።

ደንብን ማስከበር ሲባል ቋንቋ ይመጣል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የተጻፈ ጎጂ ይዘት ላይ አቤቱታ ቢቀርብ ቋንቋውን የማያነብ ሰው ሊፈርድ አይችልም፤ ስድብንና ጨዋታን፣ ተረትንና ማስፈራራትን መለየት የቋንቋውን ልጅ ይጠይቃል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሐውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም የጠራችው፣ ትላልቅ መድረኮች ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች የሚያደርጉት ቁጥጥር እጅግ ደካማ በመሆኑ ነው። አዋቂዎችን ያልጠበቀ ቁጥጥር ልጆችን ይጠብቃል ብሎ ማመን አይቻልም።

አሁን ወደ አዲሱ ዙር እንምጣ። አይካን የማመልከቻ ጊዜውን ከሚያዝያ 22 እስከ ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. አድርጎ ቆርጧል። መሠረታዊው ክፍያ 227,000 ዶላር ነው። ለአቅመ ደካማ አመልካቾች ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆነውን የሚቀንስ ድጋፍ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የዚያ ድጋፍ መጠየቂያ ግን በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ተዘግቷል። ከማመልከቻው በኋላም ወጪው አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ ዙር ውል ቅጥያ የያዘ ሁሉ በዓመት 25,000 ዶላር ቋሚ ክፍያ ለአይካን ይከፍል ነበር፤ የቴክኒክ አገልግሎት፣ የሠራተኞች ደመወዝና የሕግ ወጪ በዚያ ላይ ይታከላል። እንደ ቀድሞው ሁሉ ተፎካካሪ ሲመጣ ጨረታ አለ።

በአንጻሩ ለግዕዝ ፊደል ትልቁ የቴክኒክ ሥራ ተጠናቋል። የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች ቡድን በሥር መዝገቡ ውስጥ ፊደላችን እንዴት ይሠራ የሚለውን ደንብ አርቅቆ ጨርሷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም የአይካን የፊደላት ደንብ አካል ነው። ቡድኑ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ የሀ ቤተሰብን የመሳሰሉትን እንደ ተመሳሳይ እንዲቆጠሩ አድርጓል። ለልጆች ጥበቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ድርጅት በአንዱ አጻጻፍ ቅጥያ ከያዘ ሌላው ሰው በሌላኛው ፊደል ተመሳሳዩን ይዞ ልጆችን ሊያታልል አይችልም። በፍሎሪዳ የተሠራው ዓይነት ወጥመድ አንዱ በር ከወዲሁ ተዘግቷል።

ታዲያ አንድ የኢትዮጵያ ተቋም ዛሬውኑ ገንዘብ አሰባስቦ የልጆች ቅጥያ በግዕዝ ፊደል ይጠይቅ? ፍላጎቱ ያስመሰግናል፤ ጊዜው ግን አልደረሰም። የዶት አፍሪካ ታሪክ ለምን እንደሆነ ያስተምራል። በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ሶፊያ በቀለ የሚመሩት ዶትኮኔክትአፍሪካ ለዚህ ቅጥያ ከብዙዎች ቀድሞ ተንቀሳቅሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የድጋፍ ደብዳቤ አግኝቶም ነበር። ኮሚሽኑ በቀጣዩ ዓመት ድጋፉን አነሣ፤ በኋላም ለደቡብ አፍሪካው ተወዳዳሪ ሰጠ። አይካን የዶትኮኔክትአፍሪካን ማመልከቻ አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ገለልተኛ የግምገማ ጉባኤ አይካን የራሱን ደንብ እንደጣሰ ወሰነ። ቅጥያው ግን በየካቲት 2017 በደቡብ አፍሪካው ድርጅት እጅ ሥራ ጀመረ፤ የፍርድ ቤት ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። በሐሳብ ቀዳሚ መሆን፣ በጽናት መታገልም በቂ አልሆነም። የሚጸና ተቋማዊ ድጋፍና ለዓመታት የሚዘልቅ አቅም ወሳኝ ነበሩ።

ስለዚህ መጀመሪያው በእጅ ያለው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በዶት ኢቲ ሥር ለልጆች ብቻ የሚሆን ክልል መክፈት ይችላል። ለዚህ የአይካን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጨረታ የለውም፤ 227,000 ዶላርም አይጠይቅም። አንባቢ ወዲያው ይጠይቃል፦ አሜሪካ የሞከረችውና የከሸፈው ይኸው አይደለም? ቅርጹ አንድ ነው። ልዩነቱ ከሥራው ቅደም ተከተል መምጣት አለበት፤ ክልሉ በሩን ከመክፈቱ በፊት በውስጡ ልጆች የሚያነቡት፣ የሚያዩትና የሚሰሙት ነገር ይደርደር።

ይዘት ደግሞ ከባዶ አይጀመርም። ብሩክታዊት ጥጋቡ የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው ተከታታይ ዝግጅቱ አንዲት ቀጭኔ ለብዙ ሺህ ቤቶች እንዴት አስተማሪ ልትሆን እንደምትችል አሳይቷል። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት አውርተዋል፤ ከዚያ ሥራ በማኅደር የተረፈው ሁሉ ለዛሬ ልጅ ሊደርስ ይገባል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፍተው፣ ኢትዮጵያ ሪድስ በተባለው ድርጅታቸው በኩል የልጆች መጻሕፍት በአገር ቋንቋዎች እንዲታተሙ ሠርተዋል። የትምህርት ሚኒስቴር የመማሪያ መጻሕፍት አሉት። እነዚህ ሁሉ ዛሬ በየፊናቸው ተበታትነው፣ ገሚሱ ልጅ ሊያየው ከማይገባው ማስታወቂያ አጠገብ ተቀምጠው ይገኛሉ። በአንድ የታመነ ክልል ቢሰበሰቡ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር የሚደክሙ ወላጆችም ያለ ሥጋት የሚልኩበት ቦታ ያገኛሉ። ኢንተርኔት ድንበር ስለሌለው የአዲስ አበባው ሥራ ለእነሱም ይደርሳል።

ሕጉም ቢሆን መነሻ አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸሙ የወሲብ ይዘት ወንጀሎችን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የማንንም ሰው፣ ልጆችን ጨምሮ፣ የግል መረጃ አያያዝ ይገዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የልጆቹ ክልል ደንብ ከእነዚህ ተነሥቶ ሊጻፍ ይችላል። ከኪድስ ዶት ዩኤስ የውጭ ሊንክ እገዳውን ለታናናሾቹ መውሰድ፣ ከዶት ኪድስ ደግሞ የአቤቱታ ሥርዓቱንና በሕፃናት መብት ላይ መመሥረቱን መውሰድ ይቻላል። ማስታወቂያ ግን ሙሉ በሙሉ ቢከለከል ይሻላል፤ ወጪውን መንግሥትና ለጋሾች ይሸፍኑ እንጂ ልጁ በዓይኑ አይክፈል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ልጆችን መጠበቅ የሚለው ምክንያት በብዙ አገሮች የአዋቂዎችን አፍ ለመዝጊያም ውሏል። የልጆች ክልል ሥልጣን ከክልሉ አጥር ውጭ ሊወጣ አይገባም፤ በዶት ኢቲ ወይም በሌላ አድራሻ ያለ ጋዜጣ፣ የመብት ድርጅት ወይም የግለሰብ ገጽ በዚህ ስም ሊታገድ አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ዲጂታል ዓለም ባወጣው 25ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ ልጆች ከጉዳት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ሁሉ መረጃ የማግኘትና ሐሳባቸውን የመግለጽ መብትም እንዳላቸው አስቀምጧል። በዚህ መሠረት የክልሉን ደንብ ሲወስኑ መምህራን፣ ወላጆች፣ የሕፃናት ሐኪሞች፣ ደራሲዎችና ልጆቹ ራሳቸው ወንበር ሊኖራቸው ይገባል፤ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ተትቶ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ሥራው ሁለት ሦስት ዓመት በእንዲህ ያለ መንገድ ከሄደ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ዓለም አቀፍ የልጆች ቅጥያ መጠየቅ ሌላ መልክ ይይዛል። ያን ጊዜ አመልካቹ ለአይካን የሚያሳየው የሚሠሩ ገጾችን፣ የታዩ አቤቱታዎችን መዝገብ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች የሚሠሩ ተቆጣጣሪዎችን ነው። የድጋፍ ደብዳቤውንም ከአፍሪካ ኅብረት ሊጠይቅ ይችላል፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው በአዲስ አበባ ነው። በውጭ ያለው ማኅበረሰብም ይዘት በመጻፍና ገንዘብ በማዋጣት እኩል ባለቤት ይሆናል።

ለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ትንሽ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑና የትምህርት ሚኒስቴር አንድ ላይ ተቀምጠው የልጆቹን ክልል ደንብ ረቂቅ ያውጡ፤ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ያቅርቡ፤ ሦስት ወይም አራት የልጆች ይዘት አዘጋጆችን በገንዘብ ደግፈው የመጀመሪያዎቹን ገጾች ያስገቡ፤ በጥቂት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሮች ላይም ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ አንሥተው ይሞክሩት።